ጭራውን የተረከብኩ ቀን

ውሸታም ነኝ። ሀሹሪ የምትባለው ከተማችን ገብታችሁ "ጁምበር ውሸታሙ ቤቱ የት ነው?" ብትሉ ውሻው ሳይቀር ይመራችኋል።

አንድ ጊዜ "የአጎቴ በሬ ወይን ጠጥቶ ዘፈነ" ብዬ የሦስት መንደር ሰው በረት ደጃፍ አሰልፌ አውቃለሁ። ደግሞም አንዳንዱ "ሰማሁት" ብሎ ሄዷል።

ይሄኛው ግን ሆኗል።

በእናቴ መቃብር... ሆኗል።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ነው። ሌሊት አይደለም! ጠራራ ቀን፣ ውጭ በረዶው ዓይን የሚያጠፋበት።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ ዘጠና አራት። መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ከመጣ ሰው "እንኳን አደረሰህ" የሚባባልበት ዘመን።

ቦታው ዋሻ ውስጥ ነው። ከዜስታፎኒ ሽቅብ ወደ ሀሹሪ ስትመጡ ተራራውን የሚበሳው ዋሻ። አራት ኪሎ ሜትር ድፍን ጨለማ።

እኔ ያኔ የኤሌክትሪክ ባቡር ነጂ ረዳት ነበርኩ። ባቡራችንን "አሮጊቷ" ነው የምንላት። በስልሳ ሁለት ሪጋ ተሠርታ የመጣች ናት። ፊቷ ክብ፣ ግንባሯ ላይ አንድ ትልቅ መብራት፤ ልክ ሰርግ ላይ ሳይጠሯት እንደቀሩ አክስት ፍጥጥ ያለች። ስትመጣ አሥር ፉርጎ ነበረች። እኔ ስደርስባት ስምንት ቀርታለች፤ ሁለቱን ለመለዋወጫ ፈታተው በልተዋቸዋል። የእንጨት አግዳሚዎቿንም በሰባ ዘጠኝ ነቅለው ቡናማ ፕላስቲክ ቆዳ አልብሰዋታል። ያን ቆዳ ደግሞ መንገደኛው በጩቤ እየሸረከተ ጫማ ጠግኖበታል።

ሞተሯ ግን... ጊዮርጊስን! እንደ እሷ ዳገት የምትወጣ አላየሁም።

አሮጊቷ በሁለቱም ጫፍ ጋቢና አላት። ስትሄድ ፊት የነበረው ስትመለስ ጭራ ይሆናል። መዞር የለም።

ድሮ፣ ከእኔ በፊት፣ ጭራው ጋቢና ውስጥም ሰው ይቀመጥ ነበር። "የጭራ ሰው" ይባላል። ባንዲራ ያሳያል፣ በር ያያል፣ ባቡሩ ሲነሳ በመነጋገሪያው ሳጥን "ጭራ ሰላም" ይላል።

የጭራ ሰው አንድ ሕግ ነበረው። ተተኪው መጥቶ "ተረክቤያለሁ" ካላለው በቀር ቦታውን አይለቅም። ቤቱ ቢቃጠል አይለቅም።

በሰባ አራት ሥራው በአንድ ወረቀት ተሰረዘ። የመጨረሻው የጭራ ሰው ሴቨሪያን የሚባል ዝምተኛ ሰውዬ ነበር። ያን ቀን ፈረቃው አለቀ... የሚረከበው አልመጣም። ሥራው የለማ!

ሴቨሪያንም አልወረደም።

በማግስቱ ባንዲራውን ጠቅልሎ፣ ቁጭ እንዳለ፣ በብርድ ደርቆ ሞቶ አገኙት።

ይህን የነገረኝ ነጂዬ ቫርላም ነው። "አጎቴ" ነው የምለው። ዘመዴ ሆኖ አይደለም፤ ስልሳ ዓመት ስለሞላውና ቡጢው ስለሚያም ነው።

እኔስ ሰምቼ ምን አደረግሁ? አንድ ቀን ጣቢያ ቆመን ሳለ ሽንቴን ልሽና ብዬ ወደ ጭራው ሄድኩና በሳጥኑ ድምፄን አወፍሬ "ቫርላም... ማነው ተረካቢዬ?" አልኩት።

ስመለስ ሽማግሌው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ቡት ጫማውን ወረወረብኝ። የግራውን። የቀኙንም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላችሁና ወደ ቀኑ እንሂድ። በእኛ ሥራ ነጂ ብቻውን አያይም። ነጂው የሐዲዱን ምልክት መብራት አይቶ "አረንጓዴ" ይላል፤ ረዳቱ "አረንጓዴ አየሁ" ብሎ ይመልሳል። ካልተመለሰለት አይነዳም። ሃምሳ ጊዜ ቢሆንም ሃምሳ ጊዜ ነው። እኔ ግን እያዛጋሁ፣ አንዳንዴም የበግ ድምፅ እያሰማሁ ነበር የምመልሰው።

ያን ቀን ዜስታፎኒ ላይ ልንነሳ ስንል እህቴ ኤተሪ የአራት ወር ልጇን ቤሶን ጠቅልላ መጣች። አማቷ ሀሹሪ በሞትና በሕይወት መሃል ተኝቷል፤ የልጅ ልጁን አላየም።

"ጁምበር፣ የት ልቀመጥ? ፊት ያለው ሁሉ መንደሪን በመንደሪን ነው" አለችኝ።

"የመጨረሻው ፉርጎ ሂጂ። ባዶ ነው። ቤሶ ይተኛልሻል።"

እኔ ነኝ ያልኳት። እኔ ራሴ።

በሮቹ ተዘጉ። ቫርላም እጁን መዘውሩ ላይ አደረገ። አሮጊቷ ነቅነቅ አለች።

ያኔ ከራሳችን በላይ ያለው ሳጥን... ጠቅ... አለ።

"ጭራ ሰላም።"

ቫርላም አልዞረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"ማንን አስቀመጥክ?"

"ማንንም።"

"ጁምበር..."

"እናቴን! ማንንም አላስቀመጥኩም።"

"እናትህ ሞታለች አይደል እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው በሷ የምምለው። በሕያው ሰው ከማሉ ይቀየማል።"

"ሀሹሪ እንግባ፤ ጆሮህን ቆርጬ ለድመቴ ነው የምሰጣት" አለና ነዳ።

እኔም አልፈራሁም። ከጓደኞቼ አንዱ በእኔው ቀልድ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ቀናሁ እንጂ።

ዳገቱን ወጣን። ወንዙ ከታች ጥቁር፣ ዙሪያው ነጭ። ዋሻው አፍ ላይ የምልክቱ መብራት ታየ።

"አረንጓዴ" አለ ቫርላም።

"አረንጓዴ አየሁ" አልኩ እያዛጋሁ።

ጠቅ...

"አረንጓዴ አየሁ" አለ ሳጥኑ።

ተያየን።

ከጭራው ጋቢና የፊቱ መብራት አይታይም። ስምንት ፉርጎ መሃል አለ። ጭራው የሚያየው የመጣንበትን ሐዲድ ብቻ ነው።

አፋችንን ሳንከፍት ዋሻው ዋጠን።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደገባን... መብራቱ ጠፋ።

የሞተሯ ጩኸት ሞተ። መንኮራኩሮቹ ዘገዩ... ዘገዩ... ቫርላም ፍሬኑን ያዘ። ቆምን።

ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ። ጠብ... ጠብ...

ከየት እንደሆነ የማይታወቅ "ፍስስስ" የሚል ድምፅ።

ያ ድምፅ ነው ያስፈራን። አየር ነው። የባቡር ፍሬን በአየር ነው የሚይዘው፤ አየሩን የሚሞላው ኮምፕሬሰር ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው። አሮጊቷ በየቧንቧዋ ታፈሳለች። መብራት ከሌለ የያዘችው አየር እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ቀስ እያለ ይወጣል።

ቫርላም የአየሩ መለኪያ ጌጅ ላይ የእጅ ባትሪውን አበራ። አምስት። ከሁለት በታች ከወረደ ፍሬኑ ይለቃል። ከለቀቀ ስምንት ፉርጎ ወደኋላ ቁልቁል ነው። የዋሻው አፍ... ከዚያ ጠምዛዛው... ከጠምዛዛው በታች ወንዙ።

መጀመሪያ የሚወድቀው ደግሞ ጭራው ነው። ኤተሪና ቤሶ።

"የእጅ ፍሬኑስ?" አልኩ በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾክን እንጃ።

"የዚህ ጋቢና ሰንሰለት ከመስከረም ጀምሮ ተበጥሷል። መለዋወጫ የለም።"

"ታኮ እንወሽቅባት።"

"ታኮዎቹን አንዱ ሌባ ለቁራጭ ብረት ሸጣቸዋል።"

"ምን ታየኛለህ?" አልኩት።

"የት ልይ ታዲያ?"

"ሰዉን እናውርድ!"

"የት ነው የምታወርደው? በሩ ከዋሻው ግድግዳ ሁለት ስንዝር አይርቅም።" ክንዴን ያዘኝ። "የጭራው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው የቀረን። ሩጥና እሰረው። ስትጨርስ በሳጥኑ ንገረኝ። ሩብ ሰዓት ቢኖረን ነው... ደግሞ ዛሬ አትቀልድ።"

"አጎቴ፣ እህቴ እኮ እዚያ ናት።"

"ለዚህ ነው ሩጥ ያልኩህ።"

ሮጥኩ።

አንደኛው ፉርጎ ጨለማ፣ የመንደሪን ሽታ፣ ሰው በሰው ላይ። መንደሪን ነጋዴዋ ዳሬጃን በባትሪዬ ብርሃን ለየችኝ።

"መጣ! ሌባው መጣ! ጆንያችሁን እቀፉ!"

"ዳሬጃን አሳልፊኝ።"

"መብራቱን አንተ ነህ ያጠፋኸው፣ እመን! ባለፈው 'ድልድዩ ተሰብሯል' ብለህ መቶ ሰው በረዶ ላይ አውርደህ የለ?"

"አሁን የምሬን ነው። ሁላችሁም ብረት ጨብጡ! ልንንሸራተት እንችላለን!"

ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። አንዱ ከጨለማው "እኔ የዳሬጃንን ጉልበት ጨብጫለሁ!" አለ። የጥፊ ድምፅ ተሰማ። እንደገና ሳቁ።

አንድም ሰው ብረት አልጨበጠም።

ሁለተኛ። ሦስተኛ። በየበሩ ላይ ትንሽ ጌጅ አለች። አራት ተኩል። አራት። አራተኛው ፉርጎ ላይ ሰካራም አቅፎ ሳመኝ። አምስተኛው ላይ ሦስት ሰው ብቻ። ሦስት ተኩል።

ስድስተኛውን በር ከፈትኩ።

ጉልበቴ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። ጠንካራ ነገር። ባትሪዬን አበራሁ።

የእንጨት አግዳሚ።

የተቀደደ ፕላስቲክ ቆዳ የለም። ቀጫጭን እንጨት ተደርድሮ የተሠራ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ አቧራ የጠጣ። ከሰባ ዘጠኝ በፊት እንደነበረው። እኔ በፎቶ ብቻ የማውቀው።

ጠዋት እኮ ጠርጌዋለሁ ይህን ፉርጎ! የተሸረከተ ቆዳ ነበር!

ቆሜ ማሰብ አልቻልኩም። ጌጁ ሦስት ብሏል።

ሰባተኛውን በር ከፈትኩ... ብርሃን!

ጣሪያው ላይ ክብ፣ ወተት የመሰሉ የመስታወት አምፖሎች ቦግ ብለው በርተዋል። መብራት በጠፋበት ዋሻ። አግዳሚዎቹ አዲስ ናቸው፤ የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ሰዎችም አሉ። ሙሉ ፉርጎ ሰው።

ሁሉም ፊታቸው ወደ ጭራው ነው። ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። ሴቶቹ ሻሽ አስረዋል። ሁሉም ቀኝ እጃቸው ላይ ትንሽ ቡናማ ካርቶን ትኬት ቀጥ አድርገው ይዘዋል። አንድም አይንቀሳቀስም።

በመሃላቸው በጫማዬ ጫፍ አለፍኩ። አላያቸውም ብዬ ማልኩ። መሬት መሬቱን...

አንድ ሽማግሌ ሳይዞር፦

"ረዳቱ..."

"አ... አቤት።"

"ፊት ያሉት 'ጨለማ ነው' ሲሉ ሰማሁ። የምን ጨለማ ነው?"

ዘልዬ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ጌጁ ሁለት ላይ ነበር።

ስምንተኛው ጭው ያለ ነው። ኤተሪ ሻማ ለኩሳ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቤሶ ተኝቷል። ስታየኝ ፈገግ አለች።

"አግዳሚውን መቼ ቀየራችሁት? ይቆረቁራል ግን ንጹሕ ነው" አለች።

"ኤተሪ... ደህና ነሽ?"

"ምን እሆናለሁ? ሰውዬው እየሠራ ነው።" በአገጯ የጋቢናውን በር ጠቆመች።

ከበሩ ወዲያ... ጥር... ጥር... ጥር... የብረት መዘውር ሲጠመዘዝ ይሰማል።

"የቱ ሰውዬ?"

"ባርኔጣ ያደረገው። 'ማነው ተረካቢዬ?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔም 'ወንድሜ ይመጣል' አልኩት።"

ባትሪዬን ወደ በሩ አዞርኩ።

"ምነው? አጠፋሁ እንዴ?"

ግድግዳው ላይ ያለችውን ጌጅ አየሁ። ዜሮ።

ዜሮ! ባቡሩ መንከባለል ነበረበት። እየተንከባለለ ግን አይደለም። አንድ ሰው ይዞታል።

በሩን ገፋሁት።

ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ሁለት እጁ የእጅ ፍሬኑን መዘውር ጨብጧል። መዘውሩን እንዳይመለስ የምታግደው ብረት ወልቃለች፤ ሰው ካልያዘው አይቆምም። ኮቱ የድሮ ነው። አንገቱ ላይ በረዶ የሚመስል ነገር ጋግሯል። በረዶው አይቀልጥም።

"ሃያ ዓመት ያዝኩት" አለ። ድምፁ ድካም ብቻ ነው። "ማነው ተረካቢዬ?"

ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

መዘውሩን አንድ ጥርስ ለቀቀው። ጥር!

ባቡሩ አንድ ክንድ ወደኋላ ተንሸራተተ። ከሩቅ ከፊት ፉርጎዎች ጩኸት ተሰማ። አሁን ማንም አይስቅም። ቤሶ ነቅቶ አለቀሰ።

"ማነው ተረካቢዬ?"

"አባቴ... እባክህ..."

ጥር! ሌላ ክንድ።

"ጁምበር!" ኤተሪ ጮኸች። "የሚልህን በለው! ልጄን!"

ምን አደርጋለሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

"ተረክቤያለሁ" አልኩ።

በሕይወቴ ያለ ቀልድ የተናገርኳት የመጀመሪያ ቃል ሳትሆን አትቀርም።

ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"እንግዲያስ እኔ ወደ ፊት ልሂድ" አለ።

ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ መዘውሩ በእኔ እጅ ነው። ሰው የለም። ብረቱ ከመቀዝቀዙ የተነሳ አቃጠለኝ። ስምንት ፉርጎ በሁለት መዳፌ ላይ ተንጠለጠለ። ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ።

"ኤተሪ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ተጫኚና ለቫርላም ንገሪው! ጭራውን ይዣለሁ በይው! መልቀቅ አልችልም!"

ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ ተጫነችው።

"አጎቴ ቫርላም፣ ኤተሪ ነኝ። ጁምበር ጭራውን ይዟል።"

ጠቅ...

"የኔ ልጅ" አለ የቫርላም ድምፅ፣ "አውቃለሁ እኮ፤ ነግሮኛል። አሁን ተመልሶ አጠገቤ ቁጭ ብሏል።"

ኤተሪ ወደ እኔ ዞረች።

"ማን?" አለች በሳጥኑ።

"ወንድምሽ ነዋ! ምነው?"

ከዚያ ሌላ ድምፅ። ሳቅ ያለበት። የእኔ ድምፅ። የእኔ ሳቅ።

"ኤተሪ... ከማን ጋር ነሽ?"

ቁልፉን ለቀቀችው። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደች።

"ኤተሪ፣ እኔ ነኝ።"

"ከቀልዶችህ አንዱ ነው?" አለች። "ጁምበር ከሆንክ... ከቀልዶችህ አንዱ ነው በለኝ።"

"አይደለም። ጊዮርጊስን አይደለም!"

"እሱ ሁሌም እንዲህ ብሎ ነው የሚምለው" አለች ለራሷ። "ማንም ያውቀዋል..."

ሌላ እርምጃ ወደኋላ።

"ኤተሪዬ፣ እጄን ብለቅ ትሞታላችሁ። እይኝ። እኔ ነኝ እኮ።"

በሩን ዘጋችው። ከውጭ መቀርቀሪያው ቸክ ሲል ሰማሁ።

ስንት ደቂቃ እንደያዝኩ አላውቅም። ቫርላም በኋላ "አርባ" ብሎኛል። ከዚያ ከወለሉ ስር ኮምፕሬሰሩ "ዱግ ዱግ ዱግ" አለ። መብራት መጣ! ጌጁ አንድ... ሁለት... ሦስት... ፍሬኑ ያዘ።

እጄን ከብረቱ ለማላቀቅ ስስብ ቆዳው ብረቱ ላይ ቀረ።

ባቡሩ ሽቅብ ተነሳ። በሩን በትከሻዬ ደበደብኩ፤ አይከፈትም። የሳጥኑን ቁልፍ በክርኔ ተጭኜ ጮህኩ። የሚሰማኝ የለም። እኔ ግን እነሱን እሰማለሁ።

"አረንጓዴ።"

"አረንጓዴ አየሁ።"

የእኔው ድምፅ ነው። አያዛጋም፤ እንደ በግ አይጮኽም። በቀስታ፣ በጥንቃቄ፣ ለብዙ ዓመት እንደጓጓለት ሰው...

"ቢጫ።"

"ቢጫ አየሁ።"

ከዋሻው ወጣን። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

ሀሹሪ ስንቆም በጋቢናው የጎን መስኮት ወጥቼ ሐዲዱ ላይ ተከሰከስኩ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። እያነከስኩ ሮጥኩ። የስምንት ፉርጎ መንገድ!

ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ እያማተበ ይወርዳል። ከፊቴ ሩቅ ኤተሪ ልጇን ይዛ ወደ ፊተኛው ጋቢና ትሮጣለች።

"ጁምበር! ጁምበር!" ትላለች።

እኔን አይደለም የምትጠራው።

"ኤተሪ! እዚህ ነኝ!"

ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ተለወጠ። ይብስ ፈጠነች።

ከፊተኛው ጋቢና መስኮት ሁለት እጆች ወደ ታች ተዘረጉ። እጅጌው የእኔ ሹራብ ነው፤ ቀዩ፣ ክርኑ የተጣፈው። ያንኑ ሹራብ እኔም ለብሼዋለሁ።

"አምጪው፣ ይዤልሽ እወርዳለሁ" አለ ድምፄ።

ቤሶን ወደ ላይ አነሳችው።

እጆቹ ጨበጡት። ከእጇ ለቀቀችው...

ደረስኩ። በአንድ እግሬ ዘልዬ መጠቅለያውን ከታች ያዝኩት። ሳብኩ። እነዚያ እጆችም ሳቡ። ልጁ አለቀሰ። ኤተሪ ፊቴን በጥፍሯ ቧጨረችው።

"ልቀቀው! ልቀቀው አንተ...!"

ከዚያ ድንገት ቆመች።

ነጩ መጠቅለያ ላይ እኔ የያዝኩበት ቦታ ደም በደም ሆኗል። ብረት ላይ የቀረው መዳፌ ነው። ላይኛዎቹ እጆች የያዙበት ግን ንጹሕ ነው። ምንም።

ቀና ብላ እነዚያን እጆች አየች። ሙሉ ጤነኛ ናቸው። ጭረት የላቸውም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ጭራ የያዘ ሰው እጅ አልነበረም።

"የኔ ነው" አለቻቸው በሹክሹክታ። "ስጠኝ። የኔ ነው።"

እጆቹ ቀስ ብለው ለቀቁ። ወደ ውስጥ ገቡ።

ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብዬ ወደ ጋቢናው ተንጠለጠልኩ። ቫርላም ብቻውን ነው። ፊት ለፊት እያየ ነው።

"አጎቴ... ማን ነበር አጠገብህ?"

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ባዶውን ወንበር አየ። እንደገና እኔን።

"ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል" አለኝ። "እንደ ዛሬ አሳምረህ መልሰህልኝ አታውቅም።"

ቫርላም ከዚያ በኋላ ባቡር ነድቶ አያውቅም። እኔም አልተሳፈርኩም። አሮጊቷን በዚያው ዓመት ቆራርጠው ሸጧት ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ አላየሁም።

ቤሶ ዛሬ ጎረምሳነቱን ጨርሷል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። የኤተሪ አማትም የልጅ ልጁን አይቶ ነው የሞተው። ያን ቀን ያተረፍነው ይሄው ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ኤተሪ ግን በሰላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዝም ብላ በር ከፍታልኝ አታውቅም። ሳንኳኳ ሰንሰለቱን ሳትፈታ ትከፍታለች።

"እጅህን" ትላለች።

በክፍተቱ ሁለት መዳፌን አስገባለሁ። ጠባሳውን በጣቷ ትዳስሳለች። ቀኙን። ግራውን። ከዚያ ሰንሰለቱ ይወርዳል። አልቀየማትም። ውሸታም ወንድም ያላት ሴት ምን ታድርግ?

ባለፈው ፋሲካ ለበዓሉ ቀይ የተነከረ እንቁላልና አንድ ማሰሮ ወይን ይዤ ሄድኩ። ፀሐይ ሞቃለች፤ ጎረቤቱ ይዘፍናል።

አንኳኳሁ።

ኤተሪ ሰንሰለቱን ፈትታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ገርሞኝ መዳፎቼን ዘረጋሁላት። አላየቻቸውም።

የምታየው ከግራ ትከሻዬ በላይ ነው። ከኋላዬ። ከዚያ ፊቴን አየች፤ እንደገና ከኋላዬ ያለውን። ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ።

ከዚያ በሩን ለቅቃ ወደ ጎን ቆመች።

"ግቡ..." አለች በቀጭን ድምፅ። "ሁለታችሁም ግቡ።"